የመስታወቱ ባሕር በየካ

ሰኞ፣ ጥር ፪ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ሦስቱም በሕይወት ደረሱ።

አሕመድ የጭነት መኪናውን ዋናው መንገድ ላይ አቁሞ፣ አፉን አስፍቶ የቆረጠውን ጄሪካን እንደ ሕፃን አቅፎ ገባ። «ጋሼ አስፋው፣ ቶሎ ይቀበሉኝ! ለሰው እንኳ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም» አለኝ። ከአሰብ እስከዚህ ድረስ በየቆመበት ጎማ የሚነፋበትን ቱቦ ከውኃው ውስጥ እየነከረ አየር ሲሰጣቸው መጥቷል። ኬላ ላይ ፈታሾቹ ምን እንደጫነ ቢጠይቁት «ሦስት መንገደኞች» ብሎ አሳያቸው። ስቀው አሳለፉት።

ሁለቱ ዓሦች ጥቁርና ነጭ መስመር ያላቸው ሲሆኑ ከአውራ ጣቴ አይበልጡም። ሦስተኛው ቢጫ ነው፤ ከሁሉም ያንሳል፤ ከሁሉም ይቅበጠበጣል። በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለሉ የባሕር ድንጋዮችም አብረው መጥተዋል። ድንጋይ ልበላቸው እንጂ በላያቸው የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ቀለሙ የሚለዋወጥ ሕይወት አለባቸው። ለመጠባበቂያ የሚሆን የባሕር ውኃም በሁለት ጄሪካን አምጥቷል። ገንዳው ካለፈው መስከረም ጀምሮ የሞላው አሕመድ በተመላለሰ ቁጥር በሚያመጣው ውኃ ነው።

ገንዳውን የሠራሁት ከተዘጋ ፎቶግራፍ ቤት የማሳያ መስኮት በገዛሁት መስታወት ነው። ሲግናል ሰፈር ያለ መስታወት ቆራጭ ቆረጠልኝ፤ ማጣበቂያውንና የአየር መንፊያውን ልጃችን ሰሎሞን ከወደብ ልኮልናል። በጡረታ አበሌ ሌላ አዲስ ነገር መግዛት አይቻለኝም። ከገንዳው ሥር ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ሁለት የስልሳ ሻማ አምፖሎች አብርቻለሁ፤ የየካ ብርድ ለቀይ ባሕር ፍጥረት አይሆንምና።

ሰሎሞን በአሰብ ወደብ የመርከብ ሞተር ጠጋኝ ነው። ዐይኑን ካየነው አራተኛ ዓመታችን ነው። በአሕመድ አፍ የላከው መልእክት ይህ ነው፦ በወሩ መጨረሻ ፈቃድ ወጥቼ እመጣለሁ፤ አባባ እስከዚያ በሕይወት ያቆዩልኝ፤ የቧንቧ ውኃ እንዳይጨምሩባቸው፤ የቀረውን እኔው መጥቼ አሳይዎታለሁ።

ባለቤቴ ወርቅነሽ ወንበር አምጥታ ከመስታወቱ ፊት ተቀመጠች። «ሦስት ናቸው፤ ልክ እንደ እኛ ቤት» አለች። አነጋገሯ አላስደሰተኝም።


ማክሰኞ፣ ጥር ፫ ቀን

ሥጋቶቼ፦ ብርዱ። የአየር መንፊያው ድምፅ፤ ሲያጓራ ያስፈራኛል፤ ሲለዝብ ደግሞ የባሰ ያስፈራኛል። ጥቁርና ነጮቹ አሁንም ከድንጋዩ ሥር አልወጡም። ከመስታወቱ ጠርዝ ነጭ ነገር ይጋገራል፤ ጠርጌዋለሁ።

የውኃው ከፍታም ትናንት ከለጠፍኩት የወረቀት ምልክት ዝቅ ብሏል። ከእንጦጦ የሚወርደው የበጋ ነፋስና ከሥር የሚያሞቀው መብራት ተባብረው እየጠጡት ነው። ከመጠባበቂያው የባሕር ውኃ ቀድቼ እስከ ምልክቱ ድረስ ሞላሁት። በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ የኖርኩበት ሕግ ይኸው ነው፦ የወደቀውን ፊደል ራሱን ወደ ቦታው መመለስ፤ ከራስ ምንም አለመጨመር። ከባሕር ለጎደለው ባሕር ይመለስበታል።

እራት ላይ ወርቅነሽ ስለት መሳሏን ነገረችኝ። ሰሎሞን መጥቶ ዓሦቹን በደኅና ካያቸው ለየካ ሚካኤል ጥላ ልታገባ ነው።

«ለልጅሽ ተሳይ። ዓሣውን ከልጁ ጋር ምን አገናኘው?» አልኳት።

«ቢጫው እሱ ነው» አለች። «አይታየህም? አያርፍም እኮ!»

እንዲህ ያለ ነገር በቤቴ እንዲነገር አልፈልግም። ነገር ግን ከተናገረችው በኋላ ዐይኔ ከቢጫው ላይ አልነሣ አለ።


ሐሙስ፣ ጥር ፭ ቀን

ዛሬ ከቀበሌ መጡ። ከጭነት መኪና ጄሪካን ሲወርድ ያየ ሰው ጠቁሟል። የመጣው የአብዮት ጥበቃው ጓድ ታደሰ ነው፤ ጠመንጃውን ከበሩ አስደግፎ ገባ።

«አባት፣ ነዳጅ ያከማቻሉ የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አለኝ።

«ውኃ ነው» አልኩት።

«ውኃ ከሆነ ቧንቧ አለልዎ አይደል? ከአሰብ ድረስ ምን ያስመጣዎታል?»

ላስረዳው ሞከርኩ። አላመነኝም። የጄሪካኑን ክዳን ከፍቶ አሸተተ፤ ጣቱን ነከረ፤ ቀጥሎም በክዳኑ ቀድቶ ተጎነጨ። ፊቱ ተጨማደደ፤ ወደ ደጅ ሮጦ ተፋው።

ወርቅነሽ ንጹሕ ውኃ ይዛ ተከተለችው። «ጓድ፣ ያልተጠሩበት ግብዣ እንዲህ ነው» አለችው። እሱ ግን አፉን እየተጉመጠመጠ ሳቀ። ከዚያም ከገንዳው ፊት ቆሞ ቆየ። ባሕር አይቶ እንደማያውቅ ነገረን። ሲወጣ ድምፁን ወደ ሥራው መልሶ፣ ጄሪካኖቹ ከሁለት እንዳይበልጡ አስጠነቀቀኝ።

ከሄደ በኋላ የጄሪካኑን ክዳን መልሼ ገጠምኩ።

ውኃው ዛሬም ጎድሎ ስላገኘሁት ሞላሁት።


ቅዳሜ፣ ጥር ፯ ቀን

ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ። መንፊያው ዝም ሲል ቤቱ ሁሉ ዝም ያለ መሰለኝ። አምፖሎቹም አብረው ጠፉ።

አየር መስጠት የሚቻለው በእጅ ብቻ ሆነ። በጣሳ ከገንዳው እቀዳለሁ፤ ከፍ አድርጌ እመልሳለሁ፤ እቀዳለሁ፤ እመልሳለሁ። ወርቅነሽ በጠርሙስ የሞላችውን ሙቅ ውኃ ግጥም አድርጋ ከድና በገንዳው ላይ አንሳፈፈች። ጋቢዬንም ከትከሻዬ ላይ ገፍፋ ለመስታወቱ አለበሰችው።

«እኔስ?» አልኳት።

«አንተ ጣሳ እያወዛወዝክ ነው፤ አይበርድህም።»

ሙቀቱን የምትለካው በክርኗ ነው፤ ሰሎሞንን በሕፃንነቱ ስታጥብ ታደርግ እንደነበረው። በክርን የሚለካ ሙቀት ትክክል ሊሆን አይችልም ብዬ ነበር። ከክርኗ የተሻለ መለኪያ ግን ቤት ውስጥ የለም። የሐኪም ቤቱ ቴርሞሜትር የሚጀምረው ከሰው ሙቀት ነው፤ ለዓሣ አይረዳም።

ክንዴ ሲዝል እሷ ተቀበለችኝ፤ እሷ ሲደክማት እኔ። እንዲህ ጎን ለጎን ቆመን አንድ ሥራ ከሠራን ምን ያህል ጊዜ እንደሆነን አላስታውስም። ጀንበር ስትጠልቅ መብራት መጣ። ሦስቱም አሉ። ቢጫው ከጋቢው እጥፋት ጀርባ ወጥቶ የጣሳውን ጠርዝ ነከሰ። ወርቅነሽ እልል ልትል ስትል ጎረቤት ይሰማል ብዬ ከለከልኳት። አሁን ሳስበው ባልከለክላት ኖሮ ይሻል ነበር።


ማክሰኞ፣ ጥር ፲ ቀን፣ ገሃድ

ቢጫው ሞተ።

ጠዋት ስነሣ ከድንጋዩ ጥግ በጎኑ ተኝቶ አገኘሁት። ቀለሙ ደብዝዟል። ወርቅነሽ ጓዳ ውስጥ ነበረች፤ ዕቃ ስታንኳኳ እሰማታለሁ። በማንኪያ አወጣሁት፤ በጋዜጣ ጠቅልዬ ከጓሮው ጌሾ ሥር ቀበርኩት።

ስትመጣ ከመስታወቱ ፊት ቆመች። «ሁለት ብቻ ናቸው» አለች።

«አንዱ ድንጋይ ውስጥ ገብቷል» አልኩ።

ከአፌ የወጣው ይህ ነው። በዚህ ዕድሜዬ። «እ» ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

እስከ ስንት ቀን ድረስ ድንጋይ ውስጥ ነው ልላት ነው? የወሩ መጨረሻ ገና ነው። ሰሎሞን መጥቶ «ቢጫውስ?» ሲል እናትና ልጅ ባንድ ላይ ወደ እኔ ሊመለከቱ ነው። ይህም የሚሆነው ሰሎሞን ከመጣ ነው። «ከመጣ» ብዬ መጻፌን አሁን አየሁት። ልሰርዘው ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት።

የቀሩት ሁለቱም ደኅና አይደሉም። የሚተነፍሱበት ስንጥባቸው ሽቅብ እንደሮጠ ሰው ደረት ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ያቀረብኩላቸውን አልበሉም። ከድንጋዮቹ አንዱም ላዩን ዘግቷል፤ አልከፍት ብሏል። ምን አጠፋሁ? ሙቀቱ ልክ ነው። አየሩ ልክ ነው። ጎደለ፤ ሞላሁ። አንዲት ጠብታ የቧንቧ ውኃ አላስነካኋቸውም።


ረቡዕ፣ ጥር ፲፩ ቀን፣ ጥምቀት

ወርቅነሽ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እኔ ለጥበቃ ቀረሁ። በዚህ በዓል ቤት ስውል የመጀመሪያዬ ነው። ከሩቅ ከበሮው ይሰማል።

ዛሬም አልበሉም። ውኃ መሙላቱን ለነገ አሳደርኩት፤ ጄሪካኑ እየተገባደደ ነውና።

ስትመለስ በነጠላዋ ሥር የያዘችው ነገር ነበር። አልጠየቅኋትም። እሷም ስለ ቢጫው አልጠየቀችኝም።


ሐሙስ፣ ጥር ፲፪ ቀን

ዛሬ የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ተመለሰ። ሰፈሩ በጭብጨባና በሆታ ተሞልቶ ዋለ።

እንግዳ ነገር፦ ልሞላ ብዬ ብቀርብ ውኃው ከምልክቱ አልጎደለም። ወረቀቱ ተንሸራትቶ ይሆን? በጣቴ ዳሰስኩት፤ አልተንሸራተተም። መነጽሬን ቀይሬ አየሁ። ያው ነው።

አንደኛው ጥቂት በላ።


ዓርብ፣ ጥር ፲፫ ቀን

ያዝኳት።

ዳቦ ለመግዛት ወጥቼ ሰልፉ ረዥም ስለነበረ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ወርቅነሽ ከገንዳው አጠገብ ቆማ በጠርሙስ ታንቆረቁራለች። ከንፈሯ በጸሎት ይንቀሳቀሳል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

አልደነገጠችም፤ ጠርሙሱን እስኪያልቅ አፈሰሰችው። «ጸበል ነው።»

«በባሕር ውኃ ላይ? የምንጭ ውኃ?»

«ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሞቱ እንዴ?»

አየኋቸው። ሁለቱም ከድንጋዩ ሥር ወጥተዋል። ስንጥባቸው ረጋ ብሏል። ያ ተዘግቶ የነበረው ድንጋይም ላዩ ፈካ ብሏል። ይህን እያየሁ እንኳ ቁጣዬ አልበረደም።

«ሳትጠይቂኝ!» አልኳት።

«አንተስ ቢጫውን ስትቀብረው ጠይቀኸኛል?»

ባዶውን ጠርሙስ ከእጇ ተቀበልኩ።

«ከአንተ ቀድሜ አይቼዋለሁ» አለች። «እንዳላየሁ ሆኜ ጓዳ ገባሁ። በጋዜጣ ጠቅልለህ ስትወጣም በመስኮት አየሁህ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«‹ድንጋይ ውስጥ ገብቷል› ስትለኝ ፊትህን ባየኸው! ውሸት አልለመድክም፤ ጨርሶ አልቻልክበትም። አሳዘንከኝ፤ ተውኩህ።»

ተቀመጥኩ። እሷም ተቀመጠች። ቆየት ብላ፣ «ጸበሉን የቀዳሁት ለዓሦቹ አልነበረም» አለች። «ለሰሎሞን ነው። እሱ ጋ መድረስ አልቻልኩም፤ እነዚህ ግን እዚሁ ናቸው።»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።


ቅዳሜ፣ ጥር ፲፬ ቀን

ጸበሉ ምን አደረገላቸው? ይህን ጥያቄ ይዤ አደርኩ። የወርቅነሽን እምነት አልነካም፤ እኔ ግን የማርመው ስሕተት የት ላይ እንዳለ ማየት አለብኝ።

ጠባቧን የዐይን መድኃኒት ብልቃጥ አጥቤ ጥቂት አሸዋ ጨመርኩባትና ግጥም አድርጌ ከደንኳት። በጄሪካኑ በቀረው የባሕር ውኃ ላይ ባንሳፍፋት ቀጥ ብላ ቆመች። ውኃው የደረሰበትን በቀለም አሰመርኩ። ከዚያም ወስጄ በገንዳው ላይ አንሳፈፍኳት። መስመሩ ከውኃው በላይ ወጣ። ደግሜ ሞከርኩ። ወጣ። የገንዳው ውኃ ከራሱ ከባሕሩ ይከብዳል ማለት ነው፤ ያውም ሦስት ቀን ጸበል ከተጨመረበት በኋላ።

የተነነው ውኃው ብቻ ነበር። ጨው አይተንም፤ በየማለዳው ከመስታወቱ ጠርዝ ስጠርገው የነበረው እሱ ነው። እኔ በጎደለው ውኃ ምትክ ውኃና ጨው እየመለስኩ ነበር። አንድ ፊደል ለወደቀበት ሙሉ ቃል እያስገባሁ፣ ገጹን አበላሽቼ፣ አረምኩ ብዬ ስመጻደቅ ሰነበትኩ። ሰሎሞን የከለከለኝ መድኃኒት የሚሸተውን የቧንቧ ውኃ እንጂ ጨው የሌለበትን ውኃ ሁሉ አልነበረም።

ባዶ ጄሪካን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ጸበሉ ዘንድ ሰልፍ አለ። የሚያስቀዱት ቄስ ጄሪካኔን አይተው «ለሕመምተኛ ነው?» አሉኝ።

«አዎን» አልኩ። ከዚያ ግን አላስችል አለኝ። «ሕመምተኞቹ ዓሦች ናቸው፣ አባ።»

ከኋላዬ ያለች ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰሞኑን አንዲት እናት ለልጄ ብላ በጠርሙስ ስትመላለስ ነበር። ያንተ ቤት ናት?»

«ናት።»

«እሷ ትቅዳ። አንተ ግን ከእነዚህ በሽተኞች ፊት ጄሪካን ሙሉ ለዓሣ አላስቀዳህም። ከዋርካው በታች ወርዶ የሚፈሰው ያው ምንጭ ነው፤ ከዚያ የሚከለክልህ የለም።»

እጃቸውን ተሳልሜ ወረድኩ። ከዋርካው በታች ጉልበቴን አጥፌ ሞላሁ። ስመለስ አንገቴ በላብ ርሷል።

ወርቅነሽ ጄሪካኑን አይታ «በስንት ልመና ሰጡህ?» አለችኝ። የሆነውን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች።


ማክሰኞ፣ ጥር ፲፯ ቀን

ጥቂት ጥቂት እያልኩ እጨምራለሁ፤ ባንድ ጊዜ እንዳላስደነግጣቸው። የብልቃጧ መስመር ዛሬ ከውኃው ጋር ተገናኘ።

ሁለቱም ይበላሉ። አንደኛው ሌላውን ከምግብ ያባርረዋል። ወርቅነሽ ልታስታርቃቸው በጣቷ መስታወቱን ትመታለች፤ አልሰሟትም።

ጓድ ታደሰ ደግሞ መጣ። ጄሪካን ሊቆጥር ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። እናቱን ይዞ ነው የመጣው። «ባሕሩን አሳዩልኝ» አለን።

ከአሕመድ ወሬ የለም። የወሩ መጨረሻ እየቀረበ ነው። ወርቅነሽ የሰሎሞንን ብርድ ልብስ አውጥታ ፀሓይ ላይ አሰጥታለች። ምን እንደምፈራ በግልጽ መጻፍ አልፈልግም።


ዓርብ፣ ጥር ፳ ቀን

አሕመድ መጣ። ብቻውን።

ከደጃፉ ሳያልፍ ነገረን። «ደኅና ነው፤ በዐይኔ አይቼዋለሁ። ከስቷል እንጂ ደኅና ነው። ፈቃድ ግን ተከልክሏል፤ የሁሉም።»

«እስከ መቼ?» አልኩት።

«አይታወቅም ጋሼ። አልነገሯቸውም።»

ወርቅነሽ ከመስታወቱ ፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለቀሰችም። አሕመድ ቆቡን በእጁ እያሻሸ፣ «እትዬ ወርቅነሽ፣ ምን ብዬ ልንገረው?» አላት።

«ቢጫው ሞቷል በለው» አለች። «ሁለቱ አሉ። አባትህ በጨው ሊፈጃቸው ነበር፣ አሁን ግን ገብቶታል በለው።»

«በትክክል እንደዚያ ልበለው?» ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ።

«በትክክል እንደዚያ በለው» አልኩ።

አሕመድ ሳቅ አለ። ባዶውን ጄሪካን ሲያነሣ «ከእንግዲህስ እስከ መቼ ነው የሚያቆዩአቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሥራዬን ሁሉ ያቀድኩት ለወሩ መጨረሻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰሎሞን ይረከበኛል ብዬ ነበር። መንፊያው ሲያረጅ፣ መጪው ክረምት ብርዱን ሲያመጣ፣ መብራት ደጋግሞ ሲጠፋ ምን እንደማደርግ አላሰብኩበትም።

ወርቅነሽ ቀደመችኝ። «ስትመለስ ድንጋይ ጨምረህ አምጣልን» አለችው። «መደበቂያ አነሳቸው፤ ለዚህ ነው የሚጣሉት።»

እስከ መኪናው ሸኘሁት። ስመለስ እጇን እስከ ክርኗ ከገንዳው ውስጥ አስገብታ ነበር። «ልክ ነው» አለች። ከዚያም ምግባቸውን ሳነሣ ከእጄ ተቀብላ ራሷ በተነችላቸው።

ዛሬ ሁለቱም በልተዋል። ሰሎሞን ምን እንደበላ አላውቅም።